ከልጅ ልጄ ጋር ንስር ስንቆጥር

በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ ብዙ እንግዶች ወደ አገራችን ይገባሉ፤ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ይወጣሉ። ቪዛ አይጠይቁም፣ ሆቴል አይዙም፣ እኛም ሲገቡም ሆነ ሲወጡ ልብ አንላቸውም። ታኅሣሥና ጥር ላይ በቄራ ወይም በቆሼ በኩል የሚያልፍ ሰው ቀና ቢል፣ ከላይ የሚዞረውን ሁሉ “አሞራ” ብሎ ያልፈዋል። ከእነዚያ “አሞራዎች” መካከል ግን ከካዛኪስታንና ከሩሲያ ድረስ የመጣ ንስር አለ። ስቴፕ ንስር ይባላል። ስቴፕ ማለት በዚያ አገር ዛፍ የማይታይበት ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ንስሩ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ይጠጋል። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ከሚጠጣ ሰው በላይ በሜትሮች ከፍታ ሲያልፍ፣ ጥላው ጠረጴዛውን ይሸፍነዋል።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የ11 ዓመት የልጅ ልጄ ነው።

ልጄ ከባሏ ጋር ኑሮዋን በእስራኤል አገር በኢላት ከተማ ካደረገች ቆየት ብላለች። ባሏ የጎንደር ልጅ ነው፤ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር የሄደ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። እኔን “ሳቭታ” ይለኛል፣ አያቴ ማለቱ ነው። የአባቱ እናት “እርስዎ” በል እያሉ ይቆጡታል፤ እኔ “አንቺ” ቢለኝም ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እሱ ስልኩን፣ እኔ ቴሌቪዥኑን እናይ ነበር። በሦስተኛው ቀን “ነገ ከእኔ ጋር ተራራ ትወጫለሽ? ወፎቹ ከእናንተ አገር ነው የሚመጡት” አለኝ። ከእኛ አገር የሚመጣ ነገር ካለማ እንዴት እቀራለሁ?

ወደ ተራራው ከመውጣታችን በፊት ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ኢላት በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ፣ በቀይ ባሕር ሰላጤ ራስ ላይ ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት። በአንድ ወገን ግብጽ፣ በሌላው ዮርዳኖስ አለ፤ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ ይታያል። ከተማዋ በሆቴል የተሞላች ናት፤ በየሆቴሉ ጓዳ የእኛንም የኤርትራንም የሱዳንንም ልጆች ታገኛላችሁ። ከከተማው ጀርባ ያሉት ተራሮች አንድ ሣር የማይበቅልባቸው ቀይና ጥቁር ድንጋይ ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው ግን በወፎቹ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ንስርን የመሰሉ ከባድ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሺህ ኪሎ ሜትር አይሄዱም፤ ጉልበታቸው አይችለውም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው፣ አክንባሎ ሲነሣ ከምጣዱ እንደሚወጣው እንፋሎት፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሣል። እነሱ እዚያ አየር ውስጥ ገብተው ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ወደ ፊት እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፤ ከዚያም ሌላ ሞቃት አየር ፈልገው እንደገና ይወጣሉ። እንዲህ እያደረጉ ምግብ እንኳ ብዙ ሳይቀምሱ አገር ያቋርጣሉ። ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር አይነሣም። ስለዚህ ባሕርን ይሸሻሉ፤ መሬት ከመሬት የሚገናኝበትን ወይም ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይከማቻሉ። ከአፍሪካ ወደ እስያና አውሮፓ ለመመለስ በስዊዝና በሲና በኩል ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የኢላት ተራሮች አሉ።

የሚገርመው ስቴፕ ንስር ሲመጣና ሲመለስ መንገዱ አንድ አለመሆኑ ነው። በመኸር ብዙዎቹ በየመን በኩል ወርደው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ ተሻግረው በጅቡቲ ይገቡና ወደ እኛ ይዘልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ጅቡቲ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከ76 ሺህ በላይ የሆኑት ስቴፕ ንስሮች ነበሩ። በጸደይ ሲመለሱ ግን በዚያ በር አይወጡም። በሱዳንና በግብጽ አድርገው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ቀይ ባሕርን ዞሩት ማለት ነው።

ተራራው ሀር ዮአሽ ይባላል፤ ከባሕር በላይ ከ700 ሜትር ይበልጣል፤ ከላይ ሆኖ የግብጽ ድንበር አጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኪናው እስከ አናቱ ድረስ ስለሚወጣ ጉልበቴ አልተፈተነም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ሰባት ስምንት ሰዎች ተሰብስበዋል። ወጣቶች አሉ፣ ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌዎችም አሉ። ባይኖኩላር በአንገታቸው፣ በእጃቸው ደግሞ ትንሽ ጠቅ ጠቅ የምትል መቁጠሪያ ይዘዋል። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር እኔ ቆሎ ቋጥሬ ሄጄ ነበር፤ ጠዋት ላይ ቆሎው ለሁሉም ተዳረሰ፤ “ይህ ምንድን ነው?” እያሉ ጨረሱት።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ሰማይ። የቆጠራው ኃላፊ ግን በቅጹ ላይ ሰዓቱን ጽፎ፣ ነፋሱን ጽፎ፣ ደመናውን ጽፎ “0” አለ። ይህን ጊዜ እኔ ደስ አለኝ። ለምን መሰላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሳለሁ በፖሊዮ ቅኝት በየሳምንቱ “ዜሮ ሪፖርት” የሚባል እንልክ ነበር። እጅ እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ባይገኝም “አልተገኘም” ተብሎ ይጻፋል እንጂ ዝም አይባልም። ዝም ያለ ጤና ጣቢያ ፈልጎ ያጣ ይሁን ጨርሶ ያልፈለገ አይታወቅምና። እዚያ ድንጋይ ላይ ያገኘሁት የእኔኑ ሥራ ነው።

ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰማዩ ተለወጠ። በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከሲና ተራሮች ላይ፣ አፈር የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ታየ። ነጠብጣቡ እየቀረበ ሲመጣ መዞር ጀመረ፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ፣ እንደ ቆሎ ሰፌድ። እነዚህ ባዛርድ የሚባሉት ናቸው፤ ከንስር ያንሳሉ፣ ከዶሮ ቀለል ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ነው የሚነሡት። እኔ በደመ ነፍስ ጣቴን ቀስሬ አንድ፣ ሁለት ማለት ስጀምር ልጁ እጄን ያዘኝ።

“ሳቭታ፣ ሲዞሩ አይቆጠርም! ሲወጡ ነው” አለኝ።

ልክ ነው። ሲዞሩ አንዱን ወፍ ሦስቴ ልትቆጥሪው ትችያለሽ። ቤት ለቤት ክትባት ስንሰጥ የተከተበውን ልጅ ትንሽ ጣቱን በቀለም እንቀባዋለን፣ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን፤ ሁለተኛ እንዳይቆጠር። የወፍ ጣት አይቀባም። ስለዚህ ቆጣሪዎቹ በዓይናቸው ሰማዩ ላይ አንድ መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚህ ተራራ ጫፍ እስከዚያኛው። ወፎቹ ከሞቃቱ አየር ጫፍ ላይ ወጥተው አንድ በአንድ ተሰልፈው ሲንሸራተቱ፣ ያንን መስመር ያለፈው ብቻ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሰማይ ድርሻ አለው፤ የጎረቤቱን አይነካም። ብዛታቸው ሲያይልስ? አሥሩን በትክክል ይቆጥሩና የአሥር ስፋት ምን ያህል እንደሆነ በዓይናቸው ይይዛሉ፤ ከዚያ በዚያ መስፈሪያ አሥር፣ አሥር፣ አሥር እያሉ ይሄዳሉ። ልጄ ጤፍ በጣሳ እንደሚሰፈር ነው።

የእኔ ዓይን ለሩቅ ስለማይበረታ ጸሐፊ ሆንኩ። አራት ሰረዝ፣ አምስተኛው በአግድም። ያንን እጄ አልረሳውም። ረፋዱ ላይ ገጹ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞርኩ። ልጁ በዕብራይስጥ ይጮኻል፣ እኔ በአማርኛ እደግማለሁ፣ ቁጥሩ ግን ያው ቁጥር ነው። በሦስት ቀን ሶፋ ላይ ያላወራነውን በግማሽ ቀን አወራን።

ስቴፕ ንስሮቹ በዚያን ቀን ጥቂት ነበሩ። የእነሱ ዋና ጊዜ የካቲት ማብቂያና መጋቢት መጀመሪያ ነው፤ ባዛርዶቹ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይበዛሉ፤ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንዲት ትንሽ የጭልፊት ዘር በመንጋ ሆና በጥቂት ቀናት ውስጥ ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ድረስ የተርብ ቤት እያፈረሰ እጩን የሚበላው ባዛርድ ተራ ነው፤ በብዛት የሚበልጠው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጸደይ እዚያ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ስቴፕ ንስሩ ብቻ ወደ 75 ሺህ።

አንዱን ትልቅ ንስር ግን አየሁት። ከእኛ በታች፣ በሸለቆው ውስጥ ነበር የመጣው፤ ጀርባውን ነው ያየሁት። ንስርን ከላይ ማየት ለሰው የተሰጠ አይመስለኝም ነበር። ልጁ በክንፉ ላይ ያለውን ነጭ መስመር አይቶ “ገና ልጅ ነው” አለ። ዕድሜውን መለየት ለምን እንደሚጠቅም ስጠይቅ አንዱ ሽማግሌ ያስረዱኝ ጀመር፤ ነገሩ ከጤና ሥራ ጋር ስለሚገናኝ ላቆየው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ፔንሲልቫኒያ በሚባለው ግዛት፣ አዳኝ ወፎች በመኸር የሚያልፉበት አንድ ተራራ አለ። ድሮ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ እየወጡ ለጨዋታ ይተኩሱባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባሉ ሴት ተራራውን ተከራይተው ጠባቂ ቀጠሩና ተኩሱን አስቆሙ፤ ጠባቂውም በየዓመቱ መቁጠር ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት ቆጠራው አንድ ነገር አሳየ። ትልልቆቹ ንስሮች ያልፋሉ፤ ልጆቹ ግን እየጠፉ ነው። ራሄል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በጻፉት መጽሐፍ ይህን ቆጠራ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። ኋላ እንደተረጋገጠው፣ ዲዲቲ የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳው እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። ዲዲቲን እኛ የጤና ሰዎች በደንብ እናውቀዋለን፤ ለወባ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ ኖሯል፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። በእርሻ ላይ ያለ ልክ ሲፈስስ ግን ጉዳቱን ቀድሞ ያሳየው ላቦራቶሪ ብቻ አልነበረም፤ ተራራ ላይ ቆመው ልጅና አዋቂ ለይተው የቆጠሩም ነበሩበት። የአምስት ዓመት ሕፃናትን ቁጥር ሳይለይ “ይህን ያህል ሕዝብ አለ” የሚል ሪፖርት ለሐኪም ምን ይጠቅመዋል?

ቆጠራው ለሌላም ጠቅሟል። እስራኤል ጠባብ አገር ናት፤ በየጸደዩና በየመኸሩ በግምት 500 ሚሊዮን ወፍ ያልፍባታል፤ ሰማዩን የሚጋሩት ደግሞ የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። ስንቱ ተጋጭቶ ወድቋል። ዮሲ ሌሼም የተባሉ የወፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በትንሽ ሞተር ባላት ተንሳፋፊ አውሮፕላን ከወፎቹ ጋር እየበረሩ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ከፍታ እንደሚያልፉ አጠኑ። አብራሪዎቹ በዚያ ሰዓት ከዚያ ሰማይ እንዲርቁ ተደረገ፤ ግጭቱ በእጅጉ ቀነሰ።

አንድ አስቂኝ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ጥቂት የሩሲያ ተመራማሪዎች ስቴፕ ንስሮች ጀርባ ላይ በሞባይል መልእክት ያሉበትን የሚልክ መሣሪያ አሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዷ ንስር በጋውን ኔትወርክ በሌለበት በካዛኪስታን ሜዳ ከረመችና መልእክቶቿን አጠራቅማ ኢራን ስትደርስ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው፤ እዚያ የአንድ መልእክት ዋጋ 49 ሩብል ነበር። ተመራማሪዎቹ ገንዘባቸው አልቆ ሕዝብ እንዲያዋጣላቸው ለመኑ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ካርድ ሙሉልን ሲሉን እንደሚደረገው።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ከ1985 ወዲህ በኢላት የሚታየው የስቴፕ ንስር ቁጥር በጣም አሽቆልቁሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዝርያው ለመጥፋት አደጋ ተጋልጧል ተብሎ በዓለም አቀፉ መዝገብ ሰፍሯል። ከቀይ መስመር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው የጎደለውን ያያል እንጂ የት እንደጎደለ አያይም። የሚጎድልበት ቦታ ደግሞ ብዙ ነው፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ሰፊ ክንፍ ያለው ወፍ ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ይነካና ይቃጠላል። በሱዳን፣ በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ መስመር ለአሥርት ዓመታት ነጩን ጥንብ አንሳ በብዛት ሲፈጅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ኃይሉ ተቋረጠ። ሁለተኛው መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለባለቤት አልባ ውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ለውሻው ብቻ አይቆምም፤ የሞተውን ውሻ የሚበላው አሞራም ይከተላል።

ሦስተኛው እኔን በጣም ያስደነገጠኝ ነው፤ ዳይክሎፌናክ። በሥራ ዘመኔ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ስንቱን በዚህ መድኃኒት ወግቼዋለሁ! ሰው በሐኪም ትእዛዝ ሲወስደው ለወፍ ምንም አያደርግም። ችግሩ ለከብት ሲሰጥ ነው። የታመመች ላም ተወግታ ብትሞትና ጥንብ አንሳ ቢበላት፣ በሥጋዋ ውስጥ የቀረው ጥቂት መድኃኒት የወፉን ኩላሊት ያቆመዋል፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል። በሕንድና በአካባቢዋ ሦስት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ፤ ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ጥንብ የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻው በዛ፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ የት እንደሚያደርስ ለእኛ አገር ወላጅ መንገር አያሻም። ስቴፕ ንስርም ክረምቱን ጥንብ ይበላልና በሕንድ በዚሁ መድኃኒት ሞቶ ተገኝቷል። ከብት ያላችሁ ዘመዶች ካሏችሁ ንገሯቸው። ለእንስሳት ሐኪሙ “ሜሎክሲካም የለም ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሕመሙን ያስታግሣል፤ አሞራውንም አይገድልም።

ልጁ ከተራራው ስንወርድ “እናንተ አገር ማን ይቆጥራቸዋል?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለን፤ በየሐይቁ የውኃ ወፎች ቆጠራ ይደረጋል። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ያለባት አገር ናት ብዬ ኮራሁበት። የጠየቀኝ ግን ስለ ተራራ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ከየካቲት 15 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣለሁ። የጎረቤቶቼን ሁለት ልጆችም አስከትዬ ነው። ለሚሞክር ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከ3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ከዚያ በፊት መሬቱ አልሞቀም። ፀሐይ ከጀርባ ትሁን፤ ልጆቹ ባርኔጣ ያድርጉ፤ ባይኖኩላር ካለ ማንም ወደ ፀሐይ እንዳያነጣጥር አጥብቃችሁ ተናገሩ፤ ዓይን ያጠፋል። የሥጋ ቤቱን ጭልፊት በመጀመሪያ ለዩት፤ ጅራቱ በመሃል ሰረጎድ ያለ ነው፤ ሲበር ጅራቱን እንደ መቅዘፊያ ያጣምማል። የሚኖርባችሁና የሚያልፍባችሁ ለየቅል ነው። የሚኖረው ይመላለሳል፤ የሚያልፈው ዞሮ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሰሜን ተንሸራትቶ አይመለስም። አራት ሰረዝ፣ አምስተኛው በአግድም። ምንም ያልታየበት ሰዓት ላይ ዜሮ ጻፉ። ልጆች ዜሮ መጻፍ አይወዱም፤ አስለምዷቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ትልልቅ ንስሮች ተከታትለው በሱሉልታ በኩል ሲሄዱ ቆጠርን። ማታ ደውዬ ለልጁ ነገርኩት።

“ሲዞሩ ነው ወይስ ሲወጡ?” አለኝ።

“ሲወጡ።”

“ነፋሱስ?”

“ከምሥራቅ፤ ቀለል ያለ” አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ፤ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲፋቅ ይሰማኛል።

“እሺ አያቴ፣ ጻፍኩት” አለኝ።